ለአምጪው የሚከፈል

ሠላሳ አንድ ዓመት ከመስኮት ኋላ፣
ጣቴን በስፖንጅ እያራስሁ፣ ቆጠርሁ የሌላ።
ልጅ ሆኜ ዲማ ላይ ቅኔ ቆጠርሁ፤ ሳልዘርፍ ወጣሁ።
ማርቆስ ባንክ ቤትም ብር ቆጠርሁ፤ ሳልዘርፍ ወጣሁ።

ጡረታዬን ይዤ ያዝሁ አዲስ ልማድ፤
ስለ ብር፣ ስለ ባንክ፣ ስለ አራጣና ወለድ
ጥንት የተጻፈውን አሳድጄ መልቀም፤
ደግሞ የመጀመሪያው እትም ካልሆነ አልስምም።
«ገንዘቡ ሲሸሽህ ታሪኩን ያዝህበት?»
ትለኛለች ጥሩወርቅ ስትስቅ፤
እኔ አቧራ እነፋለሁ፣
ከመጽሐፍ ጀርባ ስፈልግ የደበዘዘ ወርቅ።

ድሮ ብሩ ላይ «ለአምጪው የሚከፈል» ይባል ነበር፤
ምን እንደሚከፈል ማንም አልጠየቀኝ፣ ያን ሁሉ ዘመን፣ ያን ምሥጢር።
የጥንቱ መጽሐፍ ግን ይናገራል ፈትቶ፦
ወረቀቱ ሰም ነው፤ ወርቁ ካዝና ውስጥ ነው፣ በብረት ተዘግቶ።
ኋላ የታተመው ወርቁን ከካዝናው አውጥቶ፣
ሰሙን ብቻ ትቶ፣
«ዋናው እምነት ነው» ይላል፣
በግርጌ ማስታወሻ፣ አንገቱን ደፍቶ።
ለዚህ ነው የምሻው የመጀመሪያውን፣
ደራሲው ሳይፈራ፣ ሳያርም፣ ሳይሽር የተናገረውን።

አምና ሞጣ ብሄድ፣ ከቅመሞቹ ተርታ፣
ውድነሽ የምትባል፣ ቅጠል በቅጠል ገንጥላ፣
ከሙን ታስራለች በእርጋታ።
ሽፋኑን አየሁት። ልቤ ቀጥ አለ።
ሰማያዊ ጨርቅ፣ ጥጉን አይጥ የበላው፤
ዓመቱ ግን እንዳለ።
ዘጠኝ ዓመት ያሰስሁት!
«ስንት ነው?» «ከሙኑ?» «የለም፣ መጠቅለያው።»
ትክ ብላ አየችኝ፤ ገባት ገበያው።
ስለ ዋጋ የተጻፈ ስንት ሺህ ገጽ አንብቤ ሳበቃ፣
እሷ ፊቴን አንብባ እጥፉን ጠራች፣ አውቃ።

ከፈልሁ።
ማታ አምፖል ሥር ገጹን ብቆጥር፣ መቶ ዐሥራ ሰባት የለም፤
ስለ ተስፋ ሰነድ የጻፈበት ገጽ፣
ኋላ አፍሮ የሰረዘው፣ ሌላ ቅጂ ላይ የማይገኝ በዓለም።

ሞጣ ተመለስሁ። ውድነሽ ቆም ብላ አሰበች፤
«እሱ ቅጠልማ አብሽ ይዞ ሄዷል፣ ወደ ቀራኒዮ» አለች።

ቀራኒዮ፣ ወይዘሮ የሻረግ ቤት፣ ከሣጥን ግርጌ ወጣ፤
አብሽ አብሽ ይሸታል።
በኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ፣ ፊደሉ ወዲህ ወዲያ እየወጣ፦
«እኔ አለበል ቸኮል አራት ቁና ጤፍ ተበድሬ፣
በአስተርእዮ ልከፍል፣ ሦስት ሰው መስክሮ፣ በጣቴ ፈርሜ አስሬ።»

«ይሽጡልኝ» ብላት፣ «አበድህ ወይ?» አለች፤
«ይህ እኮ አራት ቁና ጤፍ ነው።» መልሳ አጠፈች።
አራቱን ቁና እኔ ልክፈል ብዬም ነበር፤
«የአለበልን ዕዳ አንተ ብትከፍል፣ አለበል ምን ይባላል በአገር?»

ደራሲው ባሕር ማዶ ስለ እምነት ሲጽፍ ቀራኒዮን አያውቅ፤
እሷም ፊደል አትለይ፤
ያ ገጽ ግን እጇ ላይ አንድ ላይ ሆነላት፣ ሰሙ ከነወርቅ።

ይኸው ጥር ገባ። መደርደሪያዬ ላይ መጽሐፉ ጎዶሎ ነው።
ዕዳ የተከፈለ ለት፣ በዚያ አገር ልማድ፣
ሰነዱ ተቀድዶ ማደሪያው እሳት ነው።
ሠላሳ አንድ ዓመት «ያበደርነው ይመለስ» እያልሁ የጸለይሁ ሰው፣
ዘንድሮ ሌሊት ተነሥቼ፣ ጥሩወርቅ እንዳትሰማ ቀስ ብዬ፣
«አለበልን» እላለሁ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ዓመት ብቻ አዘግየው።»
ከዚያ አፍራለሁ።
ጤፉ ግን፣ ከወዲያ የመጡ እንደሚሉት፣ ዘንድሮ ደህና ነው።